የፍሪሲዮኑ ሽቦ እንጂ እግሬ አልነበረም

«እግርሽ ነው» አሉኝ። መካኒኩም፣ ጋሼም፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ የነበሩ የማላውቃቸው ሰዎችም። መኪናዋ ስትነሣ የምትንቀጠቀጠው እግሬ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ ስለማያውቅ ነው ተባለ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ አፍ አፋቸውን ይላቸው ነበር። እኔ ሰው ፊት ስቆጣ ምላሴ ይደርቃል፤ መልሱ የሚመጣልኝ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በዕድሜ ከእኔ በብዙ የምትበልጥ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ። አባቴ በፋብሪካ ደመወዝ በኖረበት ዘመን ሁሉ ለራሱ ብሎ የገዛው ነገር ቢኖር እሷ ናት። ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ እሷ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባም ፍራሼን ጣሪያዋ ላይ ተሸክማ ፔዳ ግቢ ያደረሰችኝ እሷ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዓይኑ ከዳው። የዓይን ግፊት ነው አሉት፤ ሲታወቅ ዘግይቶ ነበር። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። መንዳት ያቆመ ዕለት ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና «እንዳታቆሚያት» አለኝ።

እኔም አላቆምኋትም። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖረው እወስደዋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን። ባጃጅ አይወድም። ባጃጅ ውስጥ የት እንደ ደረሰ ይጠፋበታል፣ በታጠፈ ቁጥር ይደነግጣል። በቮልሷ ሲሆን ግን መንገዱን በጆሮውና በወገቡ ያውቀዋል። «ፋሲሎን አለፍን» ይለኛል፤ አልፈናል። «ዘንባባዎቹ ጋ ደረስን» ይለኛል፤ ደርሰናል። ሐይቁ ዳር ስንቆም መስኮቱን አውርዶ የውሃውን ሽታ ይስብና ዛሬ ማን ማን እንዳለ ይጠይቀኛል። ስለ ታንኳዎቹ፣ ውሃው ላይ ስለሚዋኙት ይብራዎች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለሚያጠኑት ተማሪዎች አወራለታለሁ። እኔ ሳልፈራ የማወራው ሰው እሱ ብቻ ነው።

የፍሪሲዮኑ ሽቦ የተበጠሰው ከሥራ ስመለስ ነበር። ፔዳሉ እግሬ ሥር ድንገት ወረደና ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ለማያውቅ ሰው፣ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኝና የሚያለያይ ክፍል ነው። በእኛ ቮልስ ከፊት ያለውን ፔዳል ከኋላ ካለው ፍሪሲዮን ጋር የሚያያይዘው አንድ ረጅም የብረት ሽቦ ብቻ ነው፤ በወለሉ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ በስተኋላ በአጭር ቱቦ አልፎ ይወጣል። እሱ ከተበጠሰ ማርሽ ማስገባት የለም። ሰዎች ገፍተው ዳር አስያዙልኝ፤ በማግስቱ ተጎትታ ጋራዥ ገባች።

ባለ ጋራዡ አሮጌ መኪና ያውቃል የሚባል ሰው ነው። ሽቦው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠበቅን። መኪናዋን ልንወስድ ስንሄድ ያናግር የነበረው አባቴን ነው። አባቴ አያየውም፤ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜአለሁ፤ ሰውዬው ግን በእጁ እየጠቆመ ለማያይ ሰው ያሳያል።

«አባባ፣ ሽቦ ብቻ አይደለም የቀየርሁልዎ። ኋላ ያለው ቱቦ ጎብጦ ነበር። የድሮዎቹ መካኒኮች ጫፉ ላይ ሮንዴላ ደራርበው አጉብጠውታል። ሮንዴላውን አውጥቼ ጣልሁት፣ ቱቦውን ቀጥ አደረግሁልዎ። አሁን እንደ ክራር ክር ነው።»

አባቴ መረቀው። እኔ ታዲያ ሮንዴላዎቹ፣ እነዚያ መሀላቸው ቀዳዳ የሆኑ ጠፍጣፋ ብረቶች፣ መጀመሪያ ለምን ገብተው ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ድምፄ አንሶ ይሁን ወይም መስማት ሳይፈልግ ቀርቶ እንጃ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ለአባቴ ስለ ዘይት ማውራቱን ቀጠለ።

ከጋራዡ በር ልወጣ ፍሪሲዮኑን እንደ ወትሮዬ ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ቮልሷ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠች። መስኮቶቿ ተንኳኩ፣ የአባቴ ባርኔጣ ተንሸራትቶ ጭኑ ላይ ወደቀ። መንገድ ከያዘች በኋላ ደህና ሆነች። ቆማ ስትነሣ ግን ያው። ዞሬ ተመለስሁና ነገርሁት። እስቲ ልንዳት አላለም፣ ከተቀመጠበትም አልተነሣም።

«እግርሽ ነው» አለኝ። «አዲስ ሽቦ እኮ ነው፤ የለመደ እግር ይፈልጋል። ወንድም የለሽም?»

«የለኝም» አልሁት። ይህችን ሰማ። አዘነልኝም።

ነዳጅ ያለ ሰልፍ በማይገኝበት ሰሞን ነበር። ሰልፍ ማለት ደግሞ መነሣት፣ መቆም፣ እንደገና መነሣት ነው፤ ለእኔ ከዚያ የከፋ ቦታ አልነበረም። ፊት ያለው ፈቀቅ ባለ ቁጥር እኔም ፈቀቅ ማለት አለብኝ፤ ፈቀቅ ባልሁ ቁጥር ቮልሷ ትንቀጠቀጣለች። ከጎኔ የተሰለፈ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን ብቅ አድርጎ «እህቴ፣ እስክስታውን ማን አስተማራት?» አለኝ። ከኋላው ያለው ቀበል አድርጎ «ኧረ ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢላት» አለ። ሌላው ትከሻዋን አደነቀ። እስከ ሰልፉ ጫፍ ድረስ ሳቅ ሆነ። እኔ መሪውን ይዤ ፊት ለፊቴን አየሁ። ጆሮዬ ነደደ።

በዚህ መሀል አንድ ጠና ያሉ ሰው ከመኪናቸው ወርደው ወደ መስኮቴ መጡ። ልጄ፣ ወረድ በይ፣ እኔ ላስጠጋልሽ አሉኝ። ደግ ፊት ነበራቸው። ወረድሁ። ገብተው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቁ። ቮልሷ ከእኔ ጊዜ ብሳ ተንቀጠቀጠች። እንደገና ሞከሩ፤ ያው። አሁን ገባቸው፣ እግሬ እንዳልሆነ አዩ ብዬ ልቤ ዘለለ። ሰውዬው በሩን ከፍተው ወረዱ፣ አንገታቸውን ነቀነቁና «ለካ አበላሽተሻታል» አሉኝ።

አበላሽተሻታል። በእሳቸው እግር ስትንቀጠቀጥ እንኳ ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ያን ቀን ነዳጅ ቀድቼ እስከ ቤት ድረስ ብቻዬን ስመልስላቸው ሄድሁ። መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን አንደበተ ርቱዕ ነኝ።

ነገሩ በሳቅ ቢያበቃ እችለው ነበር። ግን ጋሼ መጡ።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኔም ከአባቴ አፍ ወስጄ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዱርቤቴ ነው የሚኖሩት። አያቴ ሲሞት አባቴን ያሳደጉት፣ ትምህርት ቤት ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አባቴ እስከ ዛሬ እሳቸው ሳይቀመጡ አይቀመጥም፤ ድምፃቸውን ሲሰማ ከወንበሩ ይነሣል። ከመናኸሪያ ይዣቸው ስመጣ መንገዱ በየመገናኛው ያስቆመናል። በተነሣን ቁጥር ጋሼ ፊት ለፊታቸው ያለውን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠው የመድኃኔ ዓለምን ስም ጠሩ። ቤት ደርሰን ምሳ ቀረበ። እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ለአባቴ ተናገሩ፤ እኔ ውሃውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ።

«ይህች ልጅ ትገድልሃለች።»

አባቴ መኪናዋ ሽቦ ቀይራ እንደሆነ፣ እኔ በጥንቃቄ እንደምነዳ አስረዳ። ጋሼ አልሰሙትም። ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ አነሡ። ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ አንድ የሚያውቁት ሰው አሮጌ መኪና ይፈልጋል። ሊነዳት አይደለም። ሞተሯን አውጥቶ ሣሩ ላይ ያስቀምጣታል፣ ሆዷን አፈር ሞልቶ አበባ ይተክልባታል፣ ሙሽሮች መጥተው ፎቶ ይነሡባታል።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ ጋሼ። «የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። አንተ ዓይን የለህ፣ ቤቱ ወንድ የለው። ለማን ብለህ ነው?»

ቤቱ ወንድ የለው ሲሉ ከቁልፉ ጋር እዚያው ቆሜአለሁ። አባቴ ፊቱን ወደ ድምፃቸው አዞረ። «ጋሼ ካሉ» አለ። ውሃ መያዣውን ወደ ጓዳ ወስጄ አስቀመጥሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ የጋሼ ቀጠሮ ነው። እንደ ልማዳችን ሐይቁ ዳር ሄድን። አባቴ ያን ቀን ስለ ይብራዎቹ አልጠየቀኝም። ማረፊያው የሚሠራበትን ቦታ አሳዪኝ አለ። አሳዪኝ ይላል አሁንም። በአጥሩ በኩል ቆመን አየሁለት፤ ሣር ተተክሏል፣ የድንጋይ መንገድ ተነጥፏል፣ ሣሩ መሀል አንዲት የደንገል ታንኳ ተቀምጣ ቀይ አበባ በቅሎባታል። ደንገሉ ደርቆ ሥሩ መበስበስ ጀምሯል። ሁሉንም ነገርሁት።

«ውሃው ይታያታል?» አለኝ።

«ፊት ለፊቷ ነው።»

«እሱ ይብሳል» አለና መስኮቱን ዘጋው።

የተቆጣሁት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ኀፍረት ነው፣ ቁጭት ነው። ጋሼን ተቃውሞ አንድ ቃል እንደማይናገር አውቃለሁ፤ ያሳደገውን ሰው ቃል አያጥፍም። ጋሼን ከማስቀየም መኪናዋን ማጣትን መርጧል። መኪናዋ የምትንቀጠቀጠው በእኔ እግር ነው እስከተባለ ድረስ ደግሞ ቁልፉ ከእጄ ቢወጣ ለእኔም ለእሱም ደኅንነት ታስቦ ነው ይባላል። ማንም አይቆጭም። ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ።

የተማርሁት ስለ ሞተር አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ግን ሒሳብ አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ ከመልሱ በፊት ምን እንደ ተለወጠ ጠይቅ ይላል። እግሬ አልተለወጠም። የተለወጠው ሽቦውና ያ ቱቦ ነው። በስልኬ አሮጌ ቮልስ የሚጠግኑ ሰዎች የሚለጥፉትን ቪዲዮ ፈልጌ፣ አንዱን ከአንዱ እያመሳከርሁ አየሁ። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ። ቱቦው ትንሽ መጉበጥ አለበት። ሲሠራ ጀምሮ እንዲጎብጥ ታስቦ ነው የተሠራው። ሽቦው በጎባጣው ውስጥ ሲያልፍ ይታሻል፤ ያ መታሸት ነው ፍሪሲዮኑን አለዝቦ የሚለቀው። ቱቦው ቀጥ ካለ ግን ሽቦውን የሚይዘው የለም፤ ሞተሩ በተነቀነቀ ቁጥር ሽቦው ይሳባል፣ ይለቃል፣ ይሳባል፣ ይለቃል። መኪናዋ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ሮንዴላዎቹ የተደረደሩት ቱቦውን ሊያጎብጡ ነበር። ያ ሰውዬ የተጣመመ ነገር ሁሉ የተበላሸ መስሎት መድኃኒቷን አውጥቶ ጣለው፤ ከዚያ በሽታዋን በእግሬ አሳበበ።

ስልኩን አስቀምጬ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታ አልነበረም። ለምን ገብተው ነበር ብዬ ጠይቄው ነበር እኮ።

ሮንዴላ ልገዛ የብረታ ብረት ሱቅ ሄድሁ። ባለ ሱቁ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእኔ አልሁት። አይ፣ የሚሠራው ማለቴ ነው አለ። እኔ ነኝ አልሁት፤ እሱም መልክ መልኬን አይቶ ብዙ ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከእሱ ነው የምገዛ።

ሥራውን የሠራነው ከቅዳሜ በፊት፣ ከሥራ ፈቃድ በወሰድሁበት ጠዋት ነው። ቮልሷን በክሪክ አነሣሁ፣ ከሥሯ ድንጋይና ወፍራም እንጨት ደገፍሁ፣ የግራውን የኋላ ጎማ ፈታሁ። ጆንያ አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። ቱቦው እንደ ተባለው ቀጥ ብሎ ተገትሯል። ጭቃውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ጫፍ ላይ ያለውን ጆሮ ያለው ዳዶ አላላሁ፣ ቱቦውን ከማረፊያው አውጥቼ ሮንዴላ ጨመርሁ፣ መልሼ አስገባሁ። አልበቃም። እንደገና አውጥቼ ጨመርሁ። በመጨረሻ ቱቦው ዘና ብሎ ወደ ታች ጎበጥ አለ፤ ሰው ክንዱን ጭኑ ላይ ጥሎ ሲያርፍ እንደሚሆነው።

የቀረው ፔዳሉን ማስተካከል ነበር። ዳዶው ሲጠብቅ ሽቦው ይወጠራል፣ ሲላላ ይረግባል። በጣም ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደ ተረገጠ ሆኖ ይቃጠላል፤ በጣም ከረገበ ደግሞ ማርሹ እየተንጓጓ አልገባም ይላል። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶውን መውረድ አለበት። ይህን ከሥር ሆኜ ላውቅ አልችልም፤ የሚረግጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አባቴን ክንዱን ይዤ ወደ ሾፌሩ ወንበር መራሁት። ቁልፉን ከሰጠኝ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እጁ መሪውን አገኘና እዚያው ቀረ።

«ንካው አባዬ» አልሁት ከሥር።

«ወዲያው ያዘ። ባዶ መንገድ የለውም።»

ዳዶውን አላላሁ። «አሁንስ?»

«አሁን በዛ። ወለሉን ሊነካ ነው።»

ጥቂት አጠበቅሁ። ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ረገጠ። እግሩ ከላይ ሲሄድ ሽቦው ዓይኔ ሥር ሲሳብ አየዋለሁ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«ተይው። እሱ ነው። አትንኪው።»

ጎማውን መልሼ አሰርሁ፣ እሱን ወደ ጎን ወንበር አዛወርሁት፣ ሞተሩን አስነሣሁ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፤ ያንኑ እግር፣ እንደ ወትሮው ቀስ ብዬ። ግቢውን አልፈን የኮብልስቶኑን መንገድ ስንይዝ አባቴ ፊቱን ወደኔ አዞረ። «ተነሣን እንዴ?» አለኝ። ባርኔጣው ራሱ ላይ ነበር። እሱ ሳቀ፤ እኔ አለቀስሁ፤ የንዴት ልቅሶ ነው።

በዚያው ወደ ጋራዡ ነዳሁ። መካኒኩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ ቆምሁ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ቆምሁ፣ ተነሣሁ። ከዚያ ወርጄ ስለ ቱቦው ነገርሁት፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ሁሉንም ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ። አየሽ፣ አዲስ ሽቦ እስኪለምድ ነው፣ እግርሽም ለመደ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ማሰብ ተውሁ። ተውሁ ማለቴ ሞክሬአለሁ።

ቅዳሜ ጋሼ ሰውዬውን ይዘው መጡ። ባለ ማረፊያው ትሑት ሰው ነው፤ ግቢ ገብቶ ቮልሷን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ኮፋኖዋን ዳሰሳት፣ የት በኩል ቢቆርጣት አፈሩ እንደሚይዝለት ለጋሼ አስረዳ። አባቴ በረንዳው ላይ ባርኔጣውን አድርጎ ተቀምጧል፤ ሐይቁ ዳር የሚሄድበት ሰዓት ነው። እኔ እንዳይሳሳቱ ብዬ መኪናዋ እንደ ተጠገነች ለጋሼ ነገርኋቸው፤ ይዣቸው እስከ አስፋልቱ ሄጄ ተመለስሁ። ምንም አልተንቀጠቀጠችም። እጀታውን አልጨበጡም። ወርደው ለአባቴ ነገሩት።

«እግሯ ተስተካክሏል። ደግ ሆነ፤ ደህና ሆና ብትሰጥ ለእኛም ክብር ነው። ቁልፉን አምጪ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። ምላሴ አልደረቀም።

«ጋሼ፣ ቁልፉን አባዬ የሰጠው ለእኔ ነው» አልሁ። «የሰጡት ቃል የእርስዎ ነው። እኔ ቃል አልሰጠሁም።»

ባለ ማረፊያው ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ጋሼ ወደ አባቴ ዞሩ፤ ገሥጻት የሚል ፊት ነበር፤ አባቴ ግን ፊት አያይም። ከወንበሩ ተነሣ። በእጁ የበረንዳውን ምሰሶ፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ የቮልሷን ጣሪያ ይዞ ሄደና የጎኑን በር ከፈተ። ገብቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በመስኮቱ። «ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ዳር ነኝ። ምሳ ላይ እደርሳለሁ።»

በሩን ዘጋ። እኔም ገባሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መኪናዋ ግን አልተንቀጠቀጠችም።

ጋሼ ምሳ ሳይበሉ ሄዱ፤ ለብዙ ጊዜም ቤታችን አልመጡም። አባቴ ለፋሲካ ዱርቤቴ ሄዶ ጉልበታቸውን ስሞ ታረቀ። ያደረስሁት እኔ ነኝ፣ በቮልሷ። ከእኔ ጋር ሰላምታ አለን፣ ከዚያ አያልፍም። ለዘመድ ሁሉ ግን አንድ ነገር እንደሚናገሩ እሰማለሁ፤ ያቺ ልጅ ያኔ መንዳት አታውቅም ነበር፣ አሁን ግን እግሯ ተሻሽሏል ይላሉ አሉ።

እግሬ ያኔም ይኸው ነበር።